ከጠበሉ ጋር አይሄድም

ጥር 22፣ ቢቸና
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ጠመኔው ከእጄ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሰው፤ እጄ ብቻውን ይዘላል። የአሥረኛ ክፍሎች ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ። የማስተምረው ደግሞ ስለ ዘር ውርስ።
ልጄ ምሕረት ደህና ዋለች። ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ የሚጥለው በሽታ አልጣላትም።

ጥር 24
እናቴ ከሞጣ ደወሉ። ልጅቷ ለዕረፍት ትምጣና ጠበል ትግባ። ኪኒኑ ግን ከጠበሉ ጋር አይሄድም፣ ይቅር አሉ። ወንድማቸው ይኸው በሽታ ሲጥለው ምድጃ ላይ ወድቆ ነው የሞተው፤ እሱን ሲያነሱ ድምፃቸው ይሰበራል። እምቢ ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ የሺም የልጅቷን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

ጥር 27
የሺንና ምሕረትን መነኸሪያ ሸኘኋቸው። ኪኒኑን የየሺ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፤ ልጅቷ እንደማትውጠው እያወቅሁ።

የካቲት 1፣ ማታ
የሺ ደወለች። ትናንት ጣላት። ዛሬ ደጋግሞ። አንዱ ሰው በጭሱ ትነቃለች ብሎ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት፤ ከንፈሯ ተቃጥሏል። የሺ ኪኒኑን ልስጣት ብትል እናቴ ሱባኤው ይፈርሳል ብለው ደበቁባት። ምን ዓይነት አባት ነኝ።

የካቲት 2
ሌላ ኪኒን ልወስድላት ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋው እስከ ከሰዓት ያዘኝ። ሐኪሙ ተቆጣ፦ በድንገት ማቋረጥ ራሱ ይጥላል፣ ቶሎ ትጀምር። የእጄም ነገር አመለጠኝ። ብዙ ጠየቀኝ። አንጎል ውስጥ የሚያነቃቃም የሚያረጋጋም ኬሚካል አለ፤ አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ሚዛኑ ቶሎ ይዛባል፤ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፣ በሽታው የግድ አይደለም አለ። የእጅህም መዝለል ከዚያው በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ለእኔም ኪኒን ጻፈልኝ፤ የሁለታችንንም ይዤ ወጣሁ።
ይሄንን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። የራሴ ሲሆን ግን ሐኪሙን እንደገና ንገረኝ አልኩት። ለልጄ ያወረስኳት ይሄን ነው። ሌላ ምን አላት ከእኔ?

ምሽት
የሞጣ መኪና አልቋል። የየሺ ስልክ ዝግ ነው። ለእናቴ ደወልኩ። እኔም አለብኝ ልላቸው ነበር፤ አልወጣኝም። ስለ ምሕረት ብቻ ጮኽኩባቸው። ዘጉብኝ። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ እኔን ከዚያ በሽታ ያተረፉ ይመስላቸዋል።
ወስኛለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ሞጣ። ጠበሉን በብርጭቆ ቀድቼ፣ እናቴ ፊት፣ የራሴን ኪኒን በእሱ እውጣለሁ። ልጃቸውም እንደ ወንድማቸው መሆኑን ያኔ ያውቁታል። ቀጥሎ ምሕረት በዚያው ብርጭቆ የሷን ትውጣለች። እናቴ ያለቅሳሉ። ያልቅሱ።