አባባ ለፈረንጁ ሲቀበሉ

ጥቅምት 6 ቀን 1978

ከፋብሪካ ስመለስ አባባ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሐይቁን ሲያዩ ነው የዋሉት። "በልተዋል?" "በላሁ።" በቃ፣ የዛሬው ወሬያችን ይኸው ነው።

እናቴ ስትሞት ከዘጌ አመጣኋቸው። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ ስንቱን ደብተራ ዜማ ያስተማሩት ሰው፣ ከአርባዋ ወዲህ አንዲት ቃል አዚመው አያውቁም። ዓመት ሊሆን ነው…

ጥቅምት 9

ከተማሪዎቻቸው ትልቁ፣ ገብረ መስቀል፣ በጀልባ መጣ። የደብሩ አለቃ ልከውት ነው። ልጆቹ እየተበተኑ ነው፤ አባባ እስከ ኅዳር ካልተመለሱ ሌላ መምህር ይተካል።

"ተኩ" አሉ አባባ። "ድምፄ ከእሷ ጋር ተቀብሯል።"

እኔ ደግሞ አብረውኝ ሊቀሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርሁ። ያለ ዜማ አባባ ምናቸው አባባ ነው?

ጥቅምት 17

ትናንት አመሻሽ ጎረቤቴ የብርጓል "ቴሌቪዥን እንይ" ብላ ጠራችን። ባሏ አዘዘ ጀርመን ተምሮ የመጣ መካኒክ ነው። አባባ በስንት ልመና ሄዱ። ራሳቸውን ያልሸፈኑ ዘማሪ ሴቶች ብቅ ሲሉ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የብርጓል ሳቋን መያዝ አቃታት።

"የወዳጅ አገር የባህል ቡድን" አለ አስተዋዋቂው። አዘዘ ያስረዳል፦ "የጥንት ዜማ ነው አባባ፣ አራት መቶ ዓመት ሆኖታል።"

"አራት መቶ? ገና ልጅ ነዋ!" አሉ ለግድግዳው።

ክው አልሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለዱ!

ከዚያ አንድ ከሲታ ሰውዬ ብቻውን ወጣ። ቴኖር ይባላል አለ አዘዘ፣ ቀጭኑን የወንድ ድምፅ የሚያወጣው። መሣሪያ የለ፣ ምን የለ… አባባ ቀስ ብለው ዞሩ። "ይኸ ባህል አይደለም፤ ጸሎት ነው።" አዘዘ የሚሰማ ሰው እንዳይኖር መስኮቱን አየ።

ሰውዬው ጨርሶ ቆመ። መዘምራኑም ጸጥ። "ማነው የሚቀበለው?" አሉ አባባ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበለዋል፤ ዝም ብሎ መተው ነውር ነው። "ኧረ ተቀበሉት!" ማን ይስማቸው? ብድግ አሉና ራሳቸው ተቀበሉት! በግዕዝ፣ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮ። መጀመሪያ ሻከረ፣ ተሰነጠቀ… ከዚያ ወጣ። የብርጓል የቀበሌ ሰው እንዳይሰማ ሮጣ መስኮቱን ዘጋች። እኔ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

"ብቻውን ተዉት እኮ" አሉ ሲቀመጡ።

ጥቅምት 18

ጓዛቸውን ሲሸክፉ አገኘኋቸው። "ወዴት ነው አባባ?"

"ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፣ የሺ።"

እኔስ? አልሁ… በሆዴ።

ጥቅምት 19

ጀልባ ላይ አሳፈርኋቸው። ቤቱ ጭር ብሏል። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ኅዳር 7

ዛሬ ገበያ ገብረ መስቀልን አገኘሁት። ከስቷል። "አባባ እንዴት ናቸው?" ስለው ፊቱን አጨፈገገ።

"ኧረ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡን! ትናንት አንዱን ‘ይኸ ጉሮሮ ነው ወይስ የተቀደደ ከበሮ?’ ብለው እስኪያልበው አስደገሙት። እኔንም በመቋሚያ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።"

እሱ ያማርራል፣ እኔ በገበያው መካከል እስቃለሁ።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ ተቀይሞ።

ምን ልበለው? ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ክፉ ደግ ሳይናገሩኝ የኖሩ አባቴ ተቆጡ! እሰይ፣ ይቆጡ!

ማታ ራቴን ብቻዬን በላሁ። ጣፈጠኝ።