በመጀመሪያው ዙር የተሰናበተችው ተማሪ

ለተከበሩ የማታ ቋንቋ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኔን ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነችው እናቴ ናት። ወደ እርሷ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ተራ መጠበቅን በደንብ ተምሬያለሁና።

እኔ በዚህ በሰው አገር ቀን ቀን የሰው ልብስ የምሰፋ፣ ማታ ማታ ያገሩን ቋንቋ ልማር ደጅዎን የምረግጥ ሴት ነኝ። በምዝገባው ዕለት፣ እናቴን የማይስማማት አንድ መርፌ እንዳለ፣ ድሮ ተወግታው ለጥቂት እንደተረፈች፣ ያገሩ ሐኪም ደግሞ የእኛን ቋንቋ ስለማይሰማ የማስረዳው እኔ ብቻ እንደሆንኩ በራሳችን ቋንቋ ነግሬዎት ነበር። እርስዎም አይዞሽ፣ ለዚህማ እኛ አለንልሽ አሉኝ። እኔ ሞኟ አመንኩዎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. የዓለም ዋንጫ ሲጀመር፣ ተማሪ በኳስ ወሬ አንደበቱ ይፈታል ብለው መጽሐፉን አስዘግተው፣ ለእያንዳንዳችን የምንደግፈውን አገር በዕጣ ስላደሉን አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ስንት ወር ዝም ያለው ዳቦ ጋጋሪ የክፍል ጓደኛዬ እንኳ ዳኛው አድልቷል ብሎ በአዲሱ ቋንቋ ሲንጨረጨር ሰምቼ ቀንቻለሁ።

፪. ቡድኑ የወደቀበት ተማሪ ከውይይቱ ተሰናብቶ፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ዝም ብሎ ያዳምጥ ስላሉት ሕግ ግን ምን ብዬ ላመስግንዎት? ትምህርቱ ልብ እንዲሰቅል ነው አሉ። የእኔ ቡድን በመጀመሪያው ዙር ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ ገባ፣ እኔም አብሬው ተሰናበትኩ። በዕድሜዬ ኳስ ነክቼ የማላውቅ ሴት፣ በማላውቃቸው ጎረምሶች እግር ተፈረደብኝ እኮ! እስከ ፍጻሜው ድረስ አፌን ለጉሜ የሌላውን ወሬ ሳዳምጥ ከረምኩ።

፫. ዳቦ ጋጋሪውም በተራው ተሸንፎ አጠገቤ ሲቀመጥ የሆዴን አጫወትኩት። እሱ ሚስቱን ሲያስታምም የለቃቀማቸው ቃላት ስለነበሩት፣ ይህ መርፌ አይስማማትም የሚለውን በሹክሹክታ ያስጠናኝ ጀመር። ገና ግማሹን ሳልይዝ እርስዎ በበሩ ብቅ አሉና፣ የተሸነፈ አያወራም ብለው እሱን ከአንዱ ጥግ፣ እኔን ከሌላው ጥግ አስቀመጡን። መምህራችን፣ ምስኪን፣ አንገቷን ደፍታ የጸዳውን ሰሌዳ ደግማ ጠረገችው። ስለ ሕመም የሚያወራው ምዕራፍም ለግማሽ ፍጻሜው ሲባል ተዘለለ።

፬. የፍጻሜው ዕለት እናቴን ትኩሳት ጣላትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ መርፌውን ሲያዘጋጅ ክንዱን ያዝኩት፤ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እጄን አወናጨፍኩ፤ የያዝኳትን ግማሽ ዓረፍተ ነገርም ከድንጋጤ ብዛት ጣልኳት። እሱ መርፌ የፈራሁ መስሎት እየሳቀ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝና ወጋት።

እናቴ ነፍሷ ተርፏል። ፊቷ ግን አብጦ ዓይኗ አይገለጥም፤ የምትተነፍሰውም በቱቦ ነው። ሐኪሙ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄውን አንድ ቃል ሳይቀረኝ ተረዳሁት። ማዳመጥ ላይ ጎበዝ አድርገውኛል። ቆሜ አለቀስኩ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ሕግዎም እንዳይላላ እየተመኘሁ፣ ከኋላው አግዳሚ ሆኜ በተፈቀደልኝ ዝምታ እጅ እነሣለሁ፤

ልብስ ሰፊዋ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ለኦሎምፒክም ዕጣ እንደሚወጣ በሩ ላይ የለጠፉትን አይቻለሁ። ለእኔ አይቸገሩ፤ ዳቦ ጋጋሪው ከሥራ ሲወጣ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ያስተምረኛል፣ እዚያ የተሸነፈም ያወራል። እርስዎ ግን አንድ ቀን እናትዎን ደግፈው ቋንቋዎን በማይሰማ ሐኪም ፊት ቢቆሙ፣ ዕጣዎን እስከ ፍጻሜ የሚዘልቅ ቡድን ያድርግልዎ።