«ስሜን ታነሳለች ወይ?» ላልሽኝ

ለውድ እህቴ ለኦቲሊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ እህት ዓለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሸርጣን ስትፈለቅቂ የቆረጥሽው ጣት ዳነልሽ ወይ? ጓንት አድርጊ እያልኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ። የፑንታ አሬናስ ነፋስ ዘንድሮስ እንዴት አደረጋችሁ? ባልሽ ኢቮ ወገቡን ተሻለው? እትዬ ማሪትዛስ አሁንም ከራዲዮናቸው ጋር ይጣላሉ? እኔ ከሁለቱ ጉልበቶቼ በቀር ደህና ነኝ። ሚስቴ ሄርሚኒያም ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። ልጅሽ ያስናም ደህና ናት። እሷን መጨረሻ ያመጣኋት ልብሽን ልሰቅለው ብዬ አይደለም፤ ወሬው ሁሉ የእሷ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ስልክ ጠፍቶ አይደለም የጻፍኩልሽ። በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ሄርሚኒያ ትነጥቀኝና ስለ አየሩ ታጫውትሻለች። ይኼ ነገር ደግሞ ሳይቋረጥ መነገር ያለበት ነው።

በላክሽልኝ ወረቀት ሁለት ነገር ብለሽኝ ነበር። አንደኛ፣ ልጅቷን ከዓይንህ ሳትለይ ሰኞ ዕለት አውቶቡስ ላይ አሳፍርልኝ አልሽ። ሁለተኛ ደግሞ ታች ጥግ ላይ፣ ቀለሙ በፈዘዘበት ቦታ፣ «ስሜን ታነሳለች ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከአውቶቡሱ ልጀምር፤ አላሳፈርኳትም። ስለ ስምሽ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ ቤት ከመጣች ጀምሮ በአፏ አንድ ቀን አልጠራችውም። ልዋሽሽ እችል ነበር፤ ግን አንቺ ውሸቴን ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ደብዳቤውን ግን እዚህ ላይ አትጣዪው።

ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳትነግርሽ ማቆሟ እንዳቃጠለሽ ይገባኛል። እናት ነሽ፤ በብርድ ቆመሽ ያስተማርሻት ልጅ ናት። ግን በር ላይ ቆመሽ «ከዚህ ከወጣሽ እናት የለኝም በዪ» ማለትሽን ከራስሽ ወረቀት አነበብኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የራሱን እኔ እመሰክራለሁ፣ መስታወቴ ነግሮኛል። ልጅቷ ቃልሽን እንዳለ ይዛው ወጣች። መንገድ ላይ መኪና እያስቆመች፣ በየከተማው ዳር እያደረች፣ በስድስት ሳምንቷ እኛ በር ላይ ስትደርስ ሻንጣው ከእሷ ይበልጥ ነበር። ሄርሚኒያ «ሻንጣው ነው ልጅቷን ያመጣት» አለች።

አልጋ አንጥፈን ጠበቅናት፤ እሷ ሰገነቱ ላይ ድንኳኗን ተከለች። «አጎቴ፣ አልጋ ከለመድኩ መንገዱ ይከብደኛል» አለችኝ። በማግስቱ ጀምራ ከተማችንን ኮረብታ በኮረብታ ልትዞር ተነሳች፤ በቀን ሦስት ኮረብታ፣ ያውም ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክማ። ተሸክመሽ ለምን ስላት ትከሻዬ እንዳይረሳ ነው አለች። እኔም አደራሽ አለብኝና ተከተልኳት። ሻንጣ ስላልነበረኝ ሄርሚኒያ ከጎረቤት የተማሪ ቦርሳ ተዋሰችልኝ፤ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ድብ ተስሎበታል። የሰፈራችን ሱቅ ጋ ስደርስ ጋሼ ኤሊያሳር ከባንኮኒው ብቅ ብሎ «ኖልቤርቶ፣ ተመዘገብክ እንዴ? ስንተኛ ክፍል ገባህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በማሪፖሳስ ኮረብታ ስሜ ተማሪው ሆኗል።

ምን አለፋሽ፣ እህቴ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁበትን ቁልቁለት ሁሉ በእግሬ ያየሁት አሁን ነው። ስለ አባታችን ጠየቀችኝ፤ ስለ ልጅነቴ፣ ስለተዘጋው የኮረብታ አሳንሰር፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ጠየቀችኝ። የተወለድንበት ቤት ጋ ስንደርስ፣ ቆርቆሮው አሁን ብርቱካንማ ተቀብቷል፣ «እናትሽ ከዚህ ደረጃ ወድቃ ጥርሷን ሰብራለች» አልኳት። ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ስለ መርከቦቹ ጠየቀችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለች አምስት ጊዜ አመለጠችኝ፤ ቆጥሬያለሁ።

ሐሙስ ማታ ላ ካምፓና ተራራ ልወጣ ነው አለች። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። የሰኞው ቲኬት በደረት ኪሴ ነበር። ሄርሚኒያ ሰምታ «የራስህን ቤት ደረጃ ሁለቴ ሳታርፍ የማትወጣ ሰውዬ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ ስልሳ አራት ዓመት ደረጃ የወጣሁ ሰው ተራራ ምን ያደርገኛል ብዬ ፎከርኩ። እሷም ዳቦ በአቮካዶና አንድ ቋጠሮ በሶ አስይዛ፣ «ይኼን ሽማግሌ በሕይወት መልሺልኝ» ብላ ሸኘችን። እኔን ለያስና ነው አደራ የሰጠችው እንጂ ያስናን ለእኔ አይደለም፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ዓርብ በባቡር ሊማቼ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ኦልሙዌ ደርሰን በድንኳኗ አደርን። ቅዳሜ በጠዋቱ የፓርኩን በር አልፈን ሽቅብ ተያያዝነው። የእኔ ሞኝነት ከውሃው ጀመረ። እኛ የኮረብታ ሰዎች በየመታጠፊያው ሱቅ የለመድን ነን፤ በየመታጠፊያው ቆሜ ስጠጣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጠርሙሴ ባዶውን ቀረ። ያም ሆኖ ስምንት ሰዓት ላይ ጫፍ ደረስን። በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው በኩል በረዶ የለበሱት ተራሮች ይታያሉ። አንቺን ለማየት ግን ሩቅ ነው፤ ሞክሬያለሁ።

ስንወርድ ነው ጉዱ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መንገዱም ዙሪያ ጥምጥም ሆነብኝ። አባታችን ምን ይለን ነበር? ኮረብታ ላይ የጠፋ ሰው ወደ ታች ይሂድ፤ የትኛውም ደረጃ ዞሮ ዞሮ ባሕሩ ጋ ያደርሳል። በዚህ ሕግ ስልሳ ዓመት ኖሬ አንድ ቀን አልጠፋሁም። ስለዚህ በጎድጓዳው በኩል እናቋርጥ አልኩ። ያስና «አጎቴ፣ ምልክቱ የሚለው በዚህ ነው» አለች። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «አንቺ ሜዳ ላይ ያደግሽ ልጅ ስለ ቁልቁለት ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። ተከተለችኝ። ማክበሯ ነው፤ ጅል ሆና አይደለም።

አንድ ሰዓት ሙሉ በእሾህ መሐል ወረድን። ልብሴ ተቀደደ፣ እጄ ደማ። በመጨረሻ ጎድጓዳው ገደል አፍ ላይ አወጣን፤ ከታቹ ባሕር የለ፣ መንገድ የለ፣ የዛፍ ጫፍ ብቻ። ስልክም እዚያ አይሠራም። ለመመለስ ቀና ስል የአውቶቡስ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ኦቲሊያ፣ ፈራሁ። ለራሴ አይደለም፤ የእህቴን ልጅ ገደል ይዤ ገባሁ ብዬ ነው የፈራሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንባዬ መጣ።

«ነግሬህ ነበር» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ከሻንጣዋ ሥር ውሃ አወጣች፤ ጠዋት የእኔን አጠጣጥ አይታ ደብቃልኝ ኖሯል። በሶውን በጥብጣ ሰጠችኝ። በሶው ሲወርድ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ እናትሽ ናት ተከተላት ያለችኝ፣ ይኸው ቲኬቱም ኪሴ ውስጥ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። «አውቃለሁ፣ አጎቴ። በስልሳ አራት ዓመቱ ድንገት ኮረብታ የወደደ ሰው የት ይገኛል? ለዚህ እኮ ነው ቀስ ብዬ የምሄድልህ» አለችኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቃት የነበርኩ እኔ ሳልሆን፣ ስትጠብቀኝ የነበረችው እሷ ናት።

ትምህርቱን ለምን እንደተወች ጠየቅኳት። «ሁለተኛው ዓመት ላይ በየቀኑ አውቶቡስ ውስጥ አለቅስ ነበር። ቤት ስገባ ሁሉም ሰው በእኔ ደስ ብሎት ይጠብቀኛል። ለማን ልናገር?» አለችኝ። እሺ አሁን ምን ትፈልጊያለሽ ስላት አላውቅም አለች። ባያት ባያት፣ የምትደብቀኝ ነገር አልነበረም፤ እውነቷን ነው፣ ገና አታውቅም። እኔም በሃያ ዓመቴ አላውቅም ነበር፤ ብቻ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚያም ላይ ቢሆን «ሁሉም ሰው» አለች እንጂ አንቺን በስምሽ አልጠራችም።

ከዚያ ድቡን ቦርሳ በደረቷ፣ የራሷን በጀርባዋ አድርጋ አስነሳችኝ። «ሃያ እርምጃ፣ ከዚያ እረፍት። ጮክ ብለህ ቁጠር» አለችኝ። ሳማርር «ተማሪው፣ ቁጥር ጠፋብህ?» ትለኛለች። ስንሸራተት ትይዘኛለች፣ እሾሁን በክንዷ ትከፍትልኛለች። በወረድንበት ሽቅብ መልሳ ምልክቱ ያለበት መንገድ ላይ አወጣችኝ። ይህች ናት ኃላፊነት አታውቅም ያልሽኝ ልጅ? አትቆጪ፣ እኔም ብያለሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

የፓርኩ በር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው፤ እኛ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደረስን። ጥበቃዋ ወይዘሮ ኤልቪራ ባትሪ ይዛ፣ ሁለት ሰው አሰልፋ ልትፈልገን ስትወጣ አገኘናት። መጀመሪያ ፈጣሪዋን አመሰገነች፣ ቀጥላ ወረደችብኝ። «አባባ፣ በዚህ ድብ ነው ተራራ የሚወጡት?» አለችኝ። ይገባኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ መዝገቡን ገልጣ፣ «ይህች ኦቲሊያ የተባለችው ማን ናት? ሁለቴ ደወልኩላት፣ አታነሳም። ሦስተኛ ልደውል ነበር» አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት ያስና ቀደመችኝ። «እናቴ ናት። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ አያስይዟቸውም፤ ቅዳሜ ፈረቃዋ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው። እባክሽ አትደውዪላት፤ ብቻዋን ስትሰማ ትደነግጣለች» አለቻት።

መነጽሬን አውጥቼ መዝገቡን ወደ እኔ ሳብኩት። ጠዋት ስንገባ የሁለታችንንም የሞላችው እሷ ነበረች፤ እኔ ጫማዬን ሳጠብቅ አላየሁም። ስም፣ ዕድሜ፣ የገቡበት ሰዓት ይላል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ካልተመለሰ ለማን ይነገር የሚል አለ። በእኔ መስመር ሄርሚኒያን ሳይሆን አንቺን ጽፋለች፤ ዝምድና ከሚለው ሥር እህት ብላለች። በራሷ መስመርም አንቺን ጽፋለች። ስምሽ ከነአባትሽ ስም፣ ስልክሽ አንድ ቁጥር ሳይሰረዝ። ዝምድና ከሚለው ሥር እናት። እሱን ብቻ በትልልቅ ፊደል ነው የጻፈችው።

እንግዲህ መልሴ ይኼ ነው። ስልክሽን ክፈቺና ቅዳሜ ምሽት የመጣልሽን የማታውቂውን ቁጥር እዪው፤ ሁለት ጊዜ ጠርቶሻል። ልጅሽ የላከችው ነው። ስምሽን በአፏ አታነሳም፤ ብሞት ለማን ይነገር ሲሏት ግን ሌላ ሰው አልታሰባትም። ወረቀትና ሕፃን የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዝገቡ እዚያ አለ፣ መጥተሽ ማየት ትችያለሽ።

ቲኬቱን ለራሷ ሰጠኋት። የጉዞው ቀን ሊቀየር እንደሚችል ከላዩ አንብባ ኪሷ ከተተችው፤ መቼ እንደምትሄድ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ካሁን በኋላ ዓይኔን እሷ ላይ አትትከይ፤ የእኔ ዓይን ገደል ነው የሚያገባት። ቃሉን ያወጣሽው አንቺ ነሽና አንቺው መልሺው። እሷ ቀድማ አትደውልም፤ ግትርነቷን ከማን እንደወሰደች እኔ ልንገርሽ? ስትደውዪ ስለ ትምህርት አታንሺባት። ከየት ልጀምር ካልሽ በልተሻል ወይ በያት፤ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ኢቮን እቀፊልኝ፤ ወገቡን በሙቅ ውሃ ይታሽ። እትዬ ማሪትዛን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ የእኔ ጉልበት ከእሳቸው ቀድሞ እንዳረጀ ንገሪያቸው። ትንሿ ሚሌና ፈተናዋን ማለፏን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ በርቺ በያት። ለፋብሪካ ጓደኞችሽም ሰላምታዬ ይድረስ። ሄርሚኒያ ሁላችሁንም ስማችኋለች፤ ደብዳቤውንም አንብባ በጣም ረዘመ ብላለች።

ያስናን፣ ለእናትሽ ሰላምታ ልጻፍልሽ ወይ ብዬ ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ጠየቅኳት። ድንኳኗን እየጠቀለለች ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ «ተወው፣ አጎቴ፣ እኔው እነግራታለሁ» አለችኝ።

ወንድምሽ ኖልቤርቶ
ቫልፓራይሶ፣ ማሪፖሳስ ኮረብታ
ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2018