ፒካፗና የመካነ ብርሃን መንገድ

ሰኞ

ፒካፗ ታንቃጭላለች። መጀመሪያ የጫንኩት ዕቃ መስሎኝ ነበር። ከሳንጃ ስመለስ ዳገቱ ላይ ከሥር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» አለች። ነዳጅ ስሰጣት ይመጣል፤ እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይት አለ። ውሃ አለ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋም አልላላም። ከኋላ ያለው የሰሊጥ ጆንያ ነው፤ ጆንያ ደግሞ አያንቃጭልም።

ላለመስማት ሬዲዮ ከፈትኩ። ወዲያው አፈርኩና ዘጋሁት።

ጎንደር ገብቼ ሰሊጡን ሳራግፍ ስልኬ ጮኸ። የሻረግ ናት። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ሆና ወደ መካነ ብርሃን ከሄደች ሁለት ዓመት አለፋት። በዓል ሲሆን ትመጣለች፤ መንገድ ሲዘጋ በዓሉም እንዲሁ ያልፋል። «አስኔ! ዝውውሬ ተፈቀደ!» አለች። ሌላም ነገር አለች፤ እሱን ኔትወርኩ ዋጠው። መልሼ ብደውል ብደውል እምቢ አለ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። አራጋፊዎቹ ምን ነካው ሳይሉኝ አይቀሩም።

ስትሄድ ዕቃዋን በሰው አይሱዙ ጭና ነው የሄደችው። ያኔ መኪና አልነበረኝም። «ስትመለሺ እኔው መጥቼ ነው የማመጣሽ» ብያታለሁ። ፒካፗን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ለሥራ ነው እላለሁ።

ማክሰኞ

«ብሮንዚና ነው» አለኝ የሰፈራችን መካኒክ፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው የዘንጉ መሸከሚያ ተበልቷል ማለቱ ነው። ሞተሩ ወርዶ መበተን አለበት፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«መንገዱ ከተከፈተ ቶሎ ነው። ካልተከፈተ እኔ ምን አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው። ግን ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። ዝናቡ አንዴ ከጠና ከደባርቅ ወዲያ ወደ መካነ ብርሃን ያለውን ጭቃና ጉም ይቺ አሮጊት አትደፍረውም። ያኔ እስከ መስከረም መጠበቅ ነው።

ከሰዓት ሥራ ስለሌለኝ ቤቱን ጠረግሁ። ቁም ሳጥኑን ግማሹን ባዶ አደረግሁላት። ከዚያ ባዶው ፊት ቆሜ ቀረሁ። የሚናፍቀኝ ትልቅ ነገር አይደለም። ሰው ተኝቶ እያለ ማውራቷ። ውሃ ስትጠጣ ዓይኗን መጨፈኗ። ወጡ ሲያቃጥል እኔን መውቀሷ፣ የሠራችው እሷው ሆና።

ኔትወርክ ሲመጣ ስለ ሞተሩ ነገርኳት። «እሺ፣ አትቸኩል» አለች።

አትቸኩል? እኔ ብሆን በእግርህም ቢሆን ና እል ነበር። ይሄን ባልጽፈው ይሻል ነበር። ጻፍኩት።

ረቡዕ

ፒካፗን አዘዞ አያ ጓንጉል ዘንድ ወሰድኳት። የጭልጋ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የናፍጣ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ብሮንዚና እንደተባልኩ ነገርኳቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «ሳንሰማት ግን አንበትናትም።»

ሞተሩ እየሠራ የናፍጣ ቱቦዎቹን ተራ በተራ አላሉ። ብሮንዚና ከሆነ አንዱ ሲላላ ድምፁ ይቀንሳል አሉኝ። አልቀነሰም። ቺንጋውን አውልቀው አስነሷት። ያው ነው። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ የማላውቀውን ውጤት ሐኪም ቤት እንደምጠብቅ።

«ከላይ ትንሽ ቲክ ቲክ ይላል። ባልቦላዎቹ ላልተዋል። ነገ እናስተካክላለን።»

«ዳገት ላይ የሚሰማው ግን እንዲህ አይደለም፤ ይከብዳል።»

«በአንድ ጊዜ አንዱን ልጄ» አሉኝ።

ሐሙስ

ባልቦላው ተስተካከለ። ቆማ ስትሠራ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነች። ደስ ብሎኝ በወለቃ በኩል ዳገቱን ይዤ ወጣሁ። ገና ግማሽ ሳልደርስ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። መሪውን በቡጢ መታሁት፤ ጡሩንባው ጮኸ። አህያ የሚነዳ ሰው ደንግጦ መንገድ ለቀቀልኝ። ይቅርታ ልለው አንገቴን ባወጣ «ምነው ወንድሜ፣ ሰላም አይደለህም?» አለኝ። ሰላም አይደለሁም።

እዚያው እያለሁ የሻረግ ደወለች። «እስቲ አሰማኝ» አለች። ስልኩን ወንበሩ ሥር አስገብቼ ጥቂት ነዳሁ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት። የልብ ምት ይመስላል።»

«የጤነኛ ነው የበሽተኛ?»

«የችኩል» አለችና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ዕቃሽን ሸከፍሽ ወይ ልላት ስል ከኋላዋ አንዲት ሴት «የሹ! ቶሎ ነይ!» ብላ ተጣራች። ቻው እንኳ ሳትለኝ ሄደች። ምጥ ነው። ምጥ ላይ ባለች ሴት መቅናት ይቻላል? እንጃ። ካፊያ ጀምሯል።

ዓርብ

ተገኘ!

አያ ጓንጉል «ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ እዚሁ ዳገት እንሥራላት» አሉ። እኔን ከፊት አቁመው ኮፈኑን ከፈቱ። እሳቸው መሪው ላይ ተቀምጠው፣ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቁት። ሞተሩ በአንድ ጎኑ ከመቀመጫው ተነሣ! ሲነሣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ይዞ ሄዶ ሻንሲው ላይ ያላትመዋል። ቀጭ።

«አየህ?»

«አየሁ አያ!» ጮህኩ መሰለኝ።

ሞተሩ ከተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች፣ ጎሚኒ ከሚባሉት፣ አንዱ ተቀዷል። ሲጎትት ሞተሩ ይንጋደዳል፤ ሌላ ነገር የለም። «ሞተሯ ደኅና ናት፤ መቀመጫዋ ነው የከዳት» አሉ። ትከሻቸውን ሳምኩ።

ለዚህ ሞዴል የሚሆን ጎሚኒ ጎንደር ውስጥ አጣን። ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ወፍራሙን ቆርጠው፣ በስተው፣ ገጠሙልኝ። «ደርሳ ትመለሳለች። ከዚያ ዋናውን ትፈልጋለህ» አሉኝ። የት እንደምሄድ አልነገርኳቸውም ነበር። ፊቴ ላይ አንብበውታል።

ቅዳሜ

ኮሶዬ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጭጭ። ቀጥ ያለ ዳገት፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ጭጭ። ጆሮዬ አላምን ብሎ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፤ የገባው ብርድ ብቻ ነው።

ገመድ፣ ሸራ፣ ትርፍ ጎማ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። ወንበሩን በሳሙና አጠብኩ። ልነግራት ብደውል ኔትወርክ የለም። ሳልነግራት ልሂድ። ነገ።

እሑድ፣ መካነ ብርሃን

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ደባርቅ ነዳጅ ሞላሁ። ቧሂት ላይ ጉሙ የኮፈኑን ጫፍ እንኳ አላሳይ አለኝ፤ በእግረኛ ፍጥነት እየተሳብኩ አለፍኩት።

ጤና ጣቢያው ግቢ ስገባ የሻረግ ከማዋለጃው ክፍል ወጣች። ስታየኝ ቆመች። ከዚያ ሮጣ መጥታ በክርኖቿ አቀፈችኝ፤ መዳፏን አላስነካችኝም፣ አልታጠበችም። ከስታለች። ጠረኗ የመድኃኒትና የሳሙና ነው።

የምትኖርበት ክፍል ስገባ ግን አንድም ዕቃ አልተሸከፈም።

«ምነው የሹ?»

«እሸክፋለሁ» አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

የሚተካት ልጅ ደርሷል፤ ሥራውን የሚወድ ጨዋ ወጣት ነው። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ግን እሱን አልፈው እሷን ነው የሚያዩት። «ጥለሽን ልትሄጂ?» ይሏታል። «ልጁስ ሸጋ ነው፤ ግን ወንድ ነው። እንዴት ብለን?» ብርቱካን የምትባል፣ ቀኗ የደረሰ እርጉዝ፣ ክንዷን ይዛ አልለቅ አለች። የመጀመሪያ ልጇን ያዋለደቻት የሻረግ ናት፤ ያን ጊዜ እናትም ልጅም ለጥቂት ነው የተረፉት አሉኝ።

«አትቸኩል» ያለችኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስንቱን ነገር አስቤ ነበር።

ሻይ ጠጥተን ስናበቃ፣ እንደምንም አፌን አስገድጄ «ከፈለግሽ ክረምቱ ይለፍ። ባዶዬን እመለሳለሁ፤ በመስከረም እመጣለሁ» አልኳት።

ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። «አንዷን ሳዋልድ ሌላዋ ትመጣለች» አለች በመጨረሻ። «ሁልጊዜ አንዲት ብርቱካን አለች። ነገ ካልሄድኩ አልሄድም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ገመድ ይዘሃል?»

ይዣለሁ አልኳት።

ሰኞ

አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ። ሴቶቹ ራሳቸው እየተሸከሙ ጫኑልን፤ ይህ ለእሷ የባሰ ሆነ። እስከ ከተማው ዳር ተከተሉን። እሷ ግን እስክንርቅ ድረስ እጇን አወዛወዘች፣ ከዚያ መስኮቱን ዘግታ አለቀሰች። ቀኝ እጄን ሰጠኋት። ማርሽ መቀየር ሲያስፈልገኝ ብቻ ትለቀኛለች።

ደባርቅ ኔትወርክ ስናገኝ ለተተኪው ልጅ ደወለች። መስመሩ እምቢ አለ። ደግማ ደወለች።

ረቡዕ፣ ጎንደር

ቤቱ ሞላ። ልብሷ ተሰቅሏል። ትናንት ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ የምታወራኝ ሰው ነበረች፤ ሰማይ ድረስ የምዘልል መስሎኝ ነበር።

ግን ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ተራራው ባለበት በኩል ታያለች። ስልኩን ከእጇ አታስቀምጥም። መካነ ብርሃን እስካሁን መስመር የለም። ብርቱካን ትውለድ፣ አትውለድ፣ አናውቅም።

ዛሬ ጠየቅኋት። «መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም» አለች። «ናፍቀውኝ ነው። ሁለቱ አንድ አይደለም፤ አይደል አስኔ?»

«አይደለም» አልኳት።

ሁለት ዓመት ናፋቂው እኔ ነበርኩ። አሁን ተራው የእሷ ሆኗል፤ መድኃኒቱን አላውቀውም። ያኔ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ ግን ቃላቸው አልጠቀመኝም። አጠገቤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነበር የምፈልገው።

ዝናቡ ጀምሯል። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ አሁንም ደጃፍ ላይ ናት። ወንበር ይዤ ልውጣ።