የእትዬ ዘነቡ በረንዳ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 7፣ 2021፣ ጠዋት

ከዌርሀውስ፣ ከመጋዘኑ የሌሊት ሥራ፣ ገባሁ። ጫማ በር ላይ፣ ማስክ ቅርጫት ውስጥ፣ እጅ መታጠብ። ከዚያ አንተ፣ ደብተሬ። ጠረጴዛው ላይ የብሩክ ብሮሸር ተከምሮ ጠበቀኝ። ብሩክ የባለቤቴ የአልማዝ ታናሽ ወንድም ነው። ቤት ይሸጣል። እዚህ ኮለምበስ አይደለም፤ ቱርክ፣ ሜዲትራኒያን ዳር፣ ሰው ለመዝናናት የሚሄድበት ከተማ፣ አዲስ አፓርትመንት። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ የቀለሙ ሽታ ያቅለሸልሻል። ከጀርባው ስሜ በጉልህ ታትሟል፣ «አንጋፋው ጋዜጠኛ» ተብሎ። አላስፈቀደኝም።

የኅትመት ስሕተት ፈለግሁ። የለም። ይኸም አናደደኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 10

የእድር ስብሰባ፣ ሞርስ ሮድ። ብሩክ ከእድሩ ሪፖርት በኋላ ዐሥር ደቂቃ ተሰጠው፤ አርባ ወሰደ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ማስኩ አገጩ ላይ። ስለ ፀሐዩ፣ ስለ መዋኛው፣ ስለ ሊፍቱ። አንድ የትራክ ሾፌር፣ በረዶ የሚጠርግ ሰው እዚያም ይቀጠራል ወይ ብሎ አሳቀን። ጥያቄ ሲበዛበት ብ. ወደ እኔ ጠቆመ፤ ጋሼ ያላጣሩትን አይጽፉም አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የሚስትን ወንድም በእድር ፊት ማሳፈር አይሆንማ።

ያጣራሁት አማርኛውን ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12

እትዬ ዘነቡ ጠሩኝ። ከላያችን ነው የሚኖሩት፤ ሆስፒታል ያጸዳሉ። አንዱን አፓርትመንት ሊገዙ ነው። ቅዳሜ ክሊቭላንድ አቬኑ፣ በብሩክ ቢሮ ይፈርማሉ። መኪና አይነዱም፤ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ብሮሸሩ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ኮንትራቱን ማንም አላነበበላቸውም። አንተ ጽፈኸው የለ እንዴ ይሉኛል።

ከዲቪ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርተዋል። ስድስት ዓመት፣ በየማለዳው፣ ባሕር ፊት ለፊት ያለ በረንዳ ወለወሉ። ወንበሩን ያጸዳሉ፣ መቀመጥ ክልክል ነበር። ለምን እዚሁ ኖርዝላንድ ቤት አይገዙም አልኩ። ሳቁብኝ።

«ታዴ፣ ያን ባሕር ቆሜ እንጂ ተቀምጬ አላየሁትም። ወንበርዎን ያውጡ ያልካትን ሳነብ አለቀስኩ።»

ያቺ መስመር! «ወንበርዎን ያውጡ፤ ባሕሩ ከፊትዎ ነው።» እንግሊዝኛው ውስጥ የለችም። ገጹ ባዶ መስሎኝ እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሪፖርተሮችን በእንዲህ ያለ መስመር ስቆጣ የኖርኩ ሰው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13

እንቅልፍ እንቢ አለ። ፎቶዎቹን በማጉያ መነጽር አየሁ። ሁሉም ከሰማይ የተነሡ ናቸው፤ ከበረንዳ የተነሣ አንድም የለም። በረንዳው ላይ ወንበር የሚታይበትማ ፎቶ እንኳን አይደለም፤ የኮምፒውተር ሥዕል ነው። ወንበሩ ጥላ የለውም። ይኸን ሳላይ አሳለፍኩ።

የድሮ ባልደረባዬ ልጅ፣ ማኅሌት፣ እዚያው ከተማ ትማራለች። ጻፍኩላት፤ ሄደሽ እዪልኝ።

ዐርብ፣ ኦክቶበር 15

ቪዲዮ ላከች። ሕንፃው አለ። አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው። ከፊቱ መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሕንፃ እየተሠራ፤ ዘጠነኛ ፎቅ ደርሷል። የእትዬ ዘነቡ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ዘበኛውን ለምና በረንዳው ላይ ወጣች። ሲሚንቶ። ብረት። የተሰጣ የሠራተኛ ሱሪ። ባሕሩስ ብትለው ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ነው የሚታየው ብሎ ወደ ላይ ጠቆማት።

ብሩክን ኮል አደረግሁት። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም፤ ይኸ ይብሳል። ያውቃል። ባሕሩ የትም አልሄደም፣ በእግር አምስት ደቂቃ ነው አለኝ። ለእትዬ ዘነቡ ንገራቸው አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ባሕሩ ከፊትዎ ነው አላልኩም። እንግሊዝኛውን ያንብቡት። ያሉት እርስዎ ነዎት።»

አነበብኩት። እውነቱን ነው። አፌን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ ጣዕሙ አልሄደም።

አልማዝ መኪናው ተበላሽቷል በላቸው አለች። እሳቸውም አይፈርሙ፣ ወንድሜም አይዋረድ። አንድ ደቂቃ ያህል አሰብኩበት። ይኸም ይጻፍ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 16፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጋዜጣ ቤት ሳለሁ እርምት የማወጣው ገጽ ሁለት ግርጌ ላይ ነበር። ደቃቅ ፊደል፣ ያጠፋው ማን እንደሆነ ሳይጠቀስ። ማንም እንዳያነበው ነበር የማወጣው። ዛሬ በጉልህ ጻፍኩ፦

«እርምት። በብሮሸሩ ላይ ባሕሩ ከፊትዎ ነው የተባለው ሐሰት ነው። ከፊትዎ ያለው ሌላ ሕንፃ ነው። መስመሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ጻፍኩ።»

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ ራሴን በነቀነቅሁበት ቦታ፣ ቆሜ አነበዋለሁ። አልማዝ ሰምታለች፤ ከመኝታ ቤት አልወጣችም።

መጀመሪያ ግን መኪናው ውስጥ። እትዬ ዘነቡ እየወረዱ ነው፤ የበዓል ጫማቸውን አድርገዋል፣ ተረከዙ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ሞተሩን የማስነሣው አንብቤላቸው ስጨርስ ነው። ወዴት እንደምንሄድ ያኔ እሳቸው ይንገሩኝ።

አንኳኩ።