ያልተነሳው እግር

ሳላይዳ፣ ኮሎራዶ
ጁላይ 9 ቀን 2023

ለውድ ልጄ ለቴስ፣

ቴስዬ፣ ደህና ነሽ ወይ? የአላስካ ዝናብ የዓሣ ጀልባችሁን ከወደብ አላስወጣ ብሎ እንዳሳበዳችሁ ነግረሽኝ ነበር፤ አባራ ወይ? እኛ ከባንዱ ጋር አውቶብሱ ውስጥ በሙቀት እየተቀቀልን ነው። ላይል ማቀዝቀዣውን «እኔ እጠግነዋለሁ» ብሎ ጭራሽ ገደለው። ጊታሩን ብቻ እየመታ አርፎ ቢቀመጥ ምን አለበት!

መልእክትሽ ደርሶኛል። ማይካቸውን በረጅም ዘንግ ሰቅለው የሚቀዱን ልጆች ኢንተርኔት ላይ የለቀቁትን የመድረክ ቅጂ ሰምተሽ፣ «አባዬ በሕይወቱ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም፤ ለኔ የሠራውን ዘፈን እንዲያ ሲያስረዝመው አለቀስኩ» ብለሻል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ልጄ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ባሴን ይዤ ከጎኑ። የአባትሽን ልማድ ታውቂያለሽ። ዘፈኑን ትቶ በማንዶሊኑ ወዳሻው ይሄዳል፣ እኛም እንከተለዋለን፤ ቀኝ እግሩን ከፍ ሲያደርግ ሁላችንም ወደ አዝማቹ እንመለሳለን። የቨርነን እግር ካልተነሳ ማንም አይመለስም፤ ሕጋችን ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዲሶቹ ዘፈኖች ያንቺን ጀመረና እንደ ልማዱ ከዘፈኑ ወጣ። እግሩ ግን አልተነሳም። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ፊቱን ሳየው ክው አልኩ፤ መመለሻው ጠፍቶበታል። የትኛውን ዘፈን እንደጀመረ እንኳ አያውቅም። ሕዝቡ ደግሞ ያብዳል! ላይል «ሰውዬው ዛሬ እሳት ጎርሷል!» እያለ ይጮህብኛል። ቢቸግረኝ የራሴን እግር አነሳሁለት። አየኝና ሳቀ። «ምነው ማርሊን፣ ጉንዳን ገባብሽ እንዴ?» አለኝ። የማንዶሊኑ ክር ባይበጠስበት ኖሮ ጀምበር ትጠልቅብን ነበር። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሱ የተበጠሰውን ክር ይዞ እኔን እኔን ያያል።

ሐኪሙ በጸደይ ነግሮናል። አእምሮው እየከዳው ነው፤ የጥንቶቹ ዘፈኖች ይቆያሉ፣ አዲሶቹ ቀድመው ይሄዳሉ። አባትሽ ግን ላንቺም ቢሆን እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። አዲሱ አልበም ሲወጣ፣ በቃ ዘንድሮ ቤታችን እንቀመጥ ብዬ ለመንኩት። «ማርሊን፣ እባክሽ ከመድረክ አታውርጂኝ። ከወረድኩ ምን እሆናለሁ?» አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን ደግሞ በዚያ ቅጂ ሰበብ ላይል በተጨማሪ ከተሞች መድረክ ያዘልን። ሁሉም የሚጠብቀው ያንቺን ዘፈን ነው፤ እንደዚያው ረዝሞ። ልናገር ስል መሐላዬ ይይዘኛል። ዝም ስል ደግሞ ባሌ ሲጠፋ ለሰው ማሳያ ያደረግኩት ይመስለኛል። ጨንቆኛል ቴስ። ባሴን እየመታሁ ከማየት በቀር የማደርገው የለኝም።

ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጦ አዲስ ክር እየገጠመ ነው። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ።

«ለቴስ» አልኩት።

«ሰላም በይልኝ» አለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ክሩን እያጠበቀ፣ «ምን ትጫወታለች?» አለኝ።

«ቫዮሊን። አንተ ነህ ያስተማርካት።»

«እንግዲያው ጎበዝ ናት ማለት ነው! ትምጣና ከእኛ ጋር ትጫወት» ብሎ ሳቀ።

እና ነይ ልጄ። ዓሣው የትም አይሄድም፤ ካፒቴኑን ፈቃድ ጠይቂው። ስንት ዘመን ያልነካሽውን ቫዮሊንሽን ይዘሽ ነይ። ስትደርሺ ግን ሮጠሽ አትቀፊው፤ መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

ባሕሩ ይራራልሽ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያምጣሽ።

እናትሽ ማርሊን

አባትሽም ሰላም ብሎሻል።