መኖ ይሆናል ያልኩት

የካቲት 9

ጾም ገባ። ከመርሳ እስከ ግራና በባጃጅ፣ ከዚያ እስከ ግድቡ በእግር። አቧራው አንጀቴ ድረስ ገብቷል። ዓሣ አጥማጆቹ የጠዋቱን መዘኑ። አምባዛው ጭንቅላት ብቻ ነው፣ ገላ የለውም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዓሪፍ፣ "ሸጊቱ፣ ይኼ ዓሣ ምን ነካው? እየከሳብን ነው" አሉኝ። መረባችሁ ጠባብ ነው፣ ሳያድግ ነው የምታወጡት ብዬ ተቆጣሁ። ስንት ጊዜ ልናገር? የዓሣ ባለሙያ ማለት ለካ የመረብ ዘበኛ ማለት ነው።

ልጃቸው ናጅዋ እንደ ልማዷ ዓሣ ስታጸዳ ነበር። አንድ ባልዲ ሆድ ዕቃ ውሃው ውስጥ ደፋች፣ ወፎቹ ተራኮቱበት። የወልዲያው ዓሣ ተጭኖ ሄደ። ደህና ቀን።

የካቲት 12

እትዬ ኣልጋነሽ ደወሉ። ወልዲያ ምግብ ቤት አላቸው፣ ዓሣውን የሚገዙት እሳቸው ናቸው።

"ዋይ ኣነ! ሸጊቱ፣ ትል ልታበሉን ነው? ወጥ ሠሪዋ ጭንቅላቱን ስትከፍተው ቀይ ትል እየተጠማዘዘ ወጣ። እንግዳ ፊት ቢሆንስ ኖሮ?"

ከእንግዲህ አልገዛም ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። በደህና ዋጋ የሚገዛ ሌላ የለም። እሳቸው ከቀሩ ማኅበሩ አለቀለት፣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ... ግን እኔን ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ? ትሉን እኔ ፈጠርኩት?

የካቲት 13

ሃያ ዓሣ ከፈትኩ። አሥራ ስድስቱ ውስጥ አለ፣ ልባቸው ዙሪያ ተጠቅልሎ። መረብ መረብ ስል የከረምኩት... ውስጡ ሌላ እየበላበት እንዴት ይወፍር? በደንብ ከበሰለ ሰው አይጎዳም። ግን ይሄን ለማን ትናገሪዋለሽ? ትል ያየ ሰው አይሰማም።

ትሉ የሚያድገው ዓሣ በል ወፍ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ውሃ ይገባል። ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፣ እነሱን ዓሣ ይበላል፣ ዓሣውን ደግሞ ወፍ። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ትል የሞላውን ሆድ ዕቃ ለወፉም ለአምባዛውም ይደግሱለታል! ደሜ ፈላ። "ማነው ውሃ ውስጥ ጣሉ ያላቸው?" ብዬ ቢሮ ውስጥ ጮህኩ።

አለቃዬ ሙላት ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "እሱኑ ጻፊው። ጥፋቱ የእነሱ ነው በይ" አለ። ጻፍኩ። እጄ እንኳ አልዘገየም።

የካቲት 16

ማኅበሩ ታገደ። በእኔ ሪፖርት። ግድቡ "ንጽሕና ለሚያውቅ" ሌላ ማኅበር ይሰጣል ይላል ደብዳቤው። ይሄን እኔ አላልኩም!

ጋሽ ዓሪፍ ቢሮ ድረስ መጡ። ረመዳን ነው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ እኛ እኮ እንቀብረው ነበር።"

"ምኑን?"

"ሆድ ዕቃውን። ጅብ እንዳይለምድብን ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብር ነበር። ተዉት ያልሽን አንቺ ነሽ።"

በፍጹም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። "የራስዎን ጥፋት ሰው ላይ አያላክኩ" አልኳቸው፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው።

"አላህ ያውቃል" ብለው ወጡ።

ውሸታም ሽማግሌ!... ዋሽተው ያውቃሉ ግን?

የካቲት 17

ለማኅበሩ የሰጠሁትን የሥልጠና ጽሑፍ ከመሳቢያ አወጣሁት። የዛሬ ሁለት ዓመት። ገጽ አራት፦ "ሆድ ዕቃውን መቅበር ብክነት ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢጣል ለአምባዛ መኖ ይሆናል።" ከታች ስሜ።

አሁን መጣልኝ። ናጅዋ እጇን አውጥታ "ውሃውን አያበላሸውም?" ብላኝ ነበር። ሳቅሁባት። ሰዎቹም አብረውኝ ሳቁ። ከየት አመጣሁት? ማንም አላስተማረኝም። ከራሴ። የተማርኩ ለመምሰል አንድ ነገር ማለት ነበረብኛ።

አፌን በቆረጠው።

የካቲት 18

ለሙላት አሳየሁት። "ቅደጂው" አለ። "ደብዳቤው ወጥቷል። ራስሽን ልታስቀጪ ነው? ለእኔም ትተርፊያለሽ።"

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ግን እሱን ብቻ ምን እሰድባለሁ? እኔስ ያን ቀን ለጋሽ ዓሪፍ ምን ሆንኩላቸው?

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እነሱ ያደረጉት ያስተማርኳቸውን ነው። ገጽ አራትን አያይዤ ሙላትን አልፌ ለበላይ ገቢ አደረግሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማኅተሟን መታችበት።

የካቲት 21

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደመወዝ ቅጣት። ይበለኝ። እግዱ ግን አልተነሳም! እኔን ለመቅጣት ሦስት ቀን በቃቸው፣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ለመልቀቅ ስንት ይፈጅባቸዋል?

መጋቢት 3

እግዱ ትናንት ተነሳ። ዛሬ ግድቡ ሄድኩ። ሁሉንም ሰብስቤ፣ ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ አልኩ። ለጋሽ ዓሪፍም፣ ጥፋቴን እርስዎ ላይ ያላከክሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። መረባቸውን ማጠፍ ቀጠሉ። ናጅዋ ግን አልታገሠችም።

"ሁለት ዓመት! በገዛ እጄ! ሰው ውሃውን አበላሸሽ ሲለኝ፣ የተማረች ናት ያለችው እያልኩ ስሟገትልሽ!"

ቢላዋውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ዛሬ የምታጸጂው አንቺ ነሽ።"

ሠላሳ ዓሣ። አውራ ጣቴ ተቆርጧል፣ አሁን ስጽፍም ያመኛል። ጉድጓዱን ከውሃው ርቀው ዳገቱ ላይ ቆፍረውታል፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በታገዱበት ሳምንት። ልባቸውን አቃጥዬ ሄጄ እነሱ ሲቆፍሩ ነበር። እትዬ ኣልጋነሽ ገና እሺ አላሉም፤ ዓሣው ግራና ገበያ በርካሽ ይወጣል።

ልሄድ ስል ጋሽ ዓሪፍ፣ "ታዲያ ውሃው መቼ ነው የሚጸዳልን?" አሉኝ።

ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት... ቁጥሩ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ሁሉም ያዩኛል።

"አላውቅም" አልኩ።

ለካ ለአጥማጅ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ስምንት ዓመት ሠርቼ!

ጋሽ ዓሪፍ፣ "ይቺን ቃል ያኔ ብትነግሪን ኖሮ" አሉ።

የቀረውን የሆድ ዕቃ ባልዲ አንስቼ ዳገቱን ወጣሁ።